ቅጠሉን ያልደበቁን ጋሽ አሰፋ

ጋሽ አሰፋ አርፈዋል። ይህን አንድ መስመር ስጽፍ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጧት እዚህ ስቶክሆልም፣ ሶደርማልም ሰፈር ባለው ቤታቸው ቁርስ ላይ ተቀምጠው ሳለ ልባቸው ቆመ። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ናቸው። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ «እሺ፣ ሲመለሱ ይደውሉልኝ በሏቸው» አልኩ። ሰምቻለሁ፤ የሰማሁት ግን ወደ ውስጥ አልገባም። እትዬ አልማዝ፣ «ዘሃራዬ፣ አሰፋ እኮ አይመለስም» አሉኝ።

እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው ይህን የምጽፈው። ማኅበራችን ውስጥ ስንት የተማረ ሰው እያለ ለምን እኔ እንድጽፍ እንደተባልኩ አሁንም አልገባኝም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ደብዳቤ ብቻ ነው። እትዬ አልማዝ ግን «የተማሩት ሥራውን ይጻፉ፤ አንቺ ያየሽውን ጻፊ» አሉኝ። የቀብሩም ቀን ገና ነው። እዚህ አገር ሰው ከሞተ በኋላ ሳምንታት ወረፋ ይጠብቃል፤ ይህም አልገባኝም። በእኛ ቢሆን በዕለቱ አፈር ይለብሱ ነበር። አሁን አሉም የሉምም፤ እኔም «ነበሩ» ልበል «ናቸው» ልበል እየዞረብኝ ነው።

ጋሽ አሰፋ ደሴ ተወልደው ያደጉ፣ አዲስ አበባ ኬሚስትሪ የተማሩ፣ እዚህ አገር ከመጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። ብዙዎቻችሁ ዶክተር ትሏቸው ነበር። እሳቸው «ዶክተር አይደለሁም፤ ዶክተሮቹ የሚሠሩበትን ነገር የማጠራቅም ሰው ነኝ» ይሉ ነበር፤ ማንም አልሰማቸውም። ሥራቸው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። በስቶክሆልም ዙሪያና ከባሕሩ ማዶ ባሉት ደሴቶች ላይ በራሳቸው የበቀሉትን እንደ ጥድ ያሉ ዛፎች ቅጠልና ሙጫ እያመጡ፣ በውስጣቸው ያለውን የሚጠቅም ነገር ለይተው ያወጣሉ። የማኅበሩ ወንዶች ይህን ሲሰሙ «ቅጠል በጣሹ» የሚል ስም አወጡላቸው። እሳቸውም ወደ ስብሰባ ሲገቡ ራሳቸው ቀድመው፣ «ቅጠል በጣሹ መጥቷል፤ ጨጓራውን ያመመው ወደ ሐኪም ይሂድ» ብለው ያስቁን ነበር።

የተዋወቅነው በሥራዬ ነው። እኔ የማጸዳው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ባልዲዬን ይዤ ስገባ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣

«የየት አገር ልጅ ነሽ?» አሉኝ በአማርኛ።

«የኮምቦልቻ።»

«ኧረ ጎረቤት! እኛ ደሴዎች ብርዱን ስንሸሽ ወደ እናንተ ነበር የምንወርድ። አሁንማ ሁለታችንም ብርዱን ፈልገን መጣን።»

በዚያ ክፍል አደገኛ ቆሻሻ የሚጣልበት ቢጫ ሣጥን ነበር። ላዩ ላይ በስዊድንኛ ተጽፎበታል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም፤ እንደማልችልም ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እሳቸውም አልጠየቁኝም። በማግስቱ ስገባ ግን ከስዊድንኛው በታች በትልልቅ ፊደል «ዘሃራ፣ ይህን አትንኪ። እኔ አወጣዋለሁ። አሰፋ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስድስት ዓመት እሳቸው አወጡት። አንድም ቀን ለእኔ ብለው እንዳደረጉት አልነገሩኝም።

ከዚያ ልጄ ሰሚራ ታመመች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሆዷ ተነፋ፣ ሐኪም ቤት ሄድን፣ ከማህፀኗ አጠገብ ዕጢ ተገኘ ተባለ። ያንን የበሽታ ስም እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አልጽፈውም። ቶልኩ፣ ማለት አስተርጓሚው፣ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔም ስሙ ብቻ ጆሮዬን የያዘኝ መሰለኝ። ቀዶ ጥገናው ከተደረገ በኋላ ሐኪሟ ሌላ ነገር አለች፦ የልጅቷ ቁስል ሲሽር በደም ሥሯ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ መድኃኒቱ የሚገኘው ከዛፍ ነው፤ ለመጀመር ግን ሦስት ሳምንት መጠበቅ አለባችሁ።

ከዛፍ! ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። በቀጥታ ወደ ጋሽ አሰፋ ነው የሄድኩ።

«ጋሼ፣ የሰሚራ መድኃኒት ከዛፍ ነው አሉኝ። የአንቱ ዛፍ ነው?»

«ነው። የእኔ እንኳ አይደለም፤ የደሴቱ ነው።»

«ታዲያ ሦስት ሳምንት ምን ያስጠብቀኛል? ይኸው እዚህ በጆንያ ሞልቶ!»

ከወንበራቸው ተነሡ። «ዘሃራ፣ ስሚኝ። ይህ ቅጠል መርዝ ነው። ከብት በልቶት በቆመበት ይወድቃል። ውስጡ ያለው ነገርና ቅጠሉ አንድ አይደሉም። እንዳትነኪው» አሉኝ።

አሁን የምጽፈው የማፍርበትን ነው። አላመንኳቸውም። እናንተም በእኛ አገር ያደጋችሁ ታውቃላችሁ፤ መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን አያሳይም። ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያናግር ሄዶ ይለቅማል፤ እንዳይታወቅበት የማይረባ ቅጠል ቀላቅሎ ይቀጠቅጠዋል። ምንድን ነው ብለህ ብትጠይቀው «መርዝ ነው፣ አትንካ» ይልሃል፤ ከተናገረው መድኃኒቱ ይረክሳላ። ስለዚህ ጋሽ አሰፋ «መርዝ ነው» ሲሉኝ እኔ የሰማሁት «ይኸውልሽ፣ የፈለግሽው መድኃኒት እሱ ነው» እንዳሉኝ ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን አዋቂ ናቸው፣ አዋቂ ደግሞ ይደብቃል አልኩ በልቤ።

ዛፉን አውቀዋለሁ። ቅጠሉ ለጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ የአገሬን ዝግባ ነው የሚመስል። እንዲያውም ዝግባ ነው ብዬ ነበር። ለካ እዚህ አገር ሰው ለአጥር ይተክለዋል። አንድ ቅዳሜ ጧት ከአንድ ግቢ አጥር ላይ ጨብጬ ቀጥፌ፣ በኮቴ ኪስ ይዤ፣ ከከተማው ዳር አካላ ሰፈር ያለው ቤቴ ገባሁና አፈላሁት። ሰሚራ ክፍሏ ተኝታለች። ለልጄ ከመስጠቴ በፊት ግን እኔ መቅመስ አለብኝ፤ ወጉም እንዲያ ነው፣ የሚሰጥ ሰው ይቀምሳል። ሁለት ጊዜ ፉት አልኩ። በጣም መራራ ነበር። ቆየት ብሎ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሄደ። ስልኩን አንስቼ የደወልኩት ለእሳቸው ነው። ለምን ለእሳቸው? የደበቁኝ ሰው ናቸው ብዬ የለ? ይህንንም አላውቀውም።

«ልጅቷ ጠጥታለች?» ይህ ነው የመጀመሪያ ቃላቸው።

«አልጠጣችም።»

«ወላሂ በይ!»

የወንጌል አማኝ ናቸው፣ እኔን ወላሂ ሲያስምሉኝ። «ወላሂ፣ አልጠጣችም» አልኩ።

«ድፊው! አሁኑኑ ድፊው። በሩን ክፈችና ወለሉ ላይ ተቀመጪ፤ አምቡላንስ እጠራልሻለሁ።»

በሰማያዊው መስመር የከተማ ባቡር ከዚያ ዳር እስከዚህ ዳር መጥተው ሐኪም ቤቱ አልጋዬ አጠገብ ሲደርሱ ኮታቸውን በግልባጩ ነበር የለበሱ። ሆዴን አጥበውኛል፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጣጥፏል። ይቆጡኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«መርዝ ነው ስልሽ ለምን አላመንሽኝም?»

«አዋቂ እንዲያ ነው የሚል፣ ጋሼ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ፣ ሳቁ፣ ነርሷ መጥታ ዝም በሉ እስክትላቸው ድረስ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ከሳቁ ይሁን ከሌላ አላውቅም። «የደሴ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ!» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ስትድኚ ያለኝን ሁሉ አሳይሻለሁ። የምደብቀው ቅጠል የለኝም።»

እንዳሉትም አደረጉ። እኔን ብቻ አይደለም፣ ሰሚራንም ጨምረው ሁለታችንንም ቤተ ሙከራው አስገቡን። ነጭ ጋዋን አልብሰው አስቀመጡን። የደረቀውን ቅጠል አሳዩን፣ እንደ በርበሬ ተፈጭቶ። በአልኮል ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ አልኮሉን ሲያተኑት ከሥር የቀረውን ጥቁር አረንጓዴ ነገር አሳዩን፤ እንደ ሬት የሚያጣብቅ ነው። «መርዙም መድኃኒቱም አሁን እዚህ ውስጥ አብረው ተጣብቀዋል» አሉ። ከዚያ ነጭ ዱቄት በተሞላ ረጅም የመስታወት ቱቦ ላይ አፈሰሱት። ጠብታው በቀስታ ይወርዳል። አንዱ ጠብታ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ እንደ ውኃ። እያንዳንዱን በየብልቃጡ ይቀበላሉ፤ ቁጥር ይጽፋሉ። አንድ ጠብታ ቢደባለቅባቸው ያንን ሁሉ ደፍተው እንደገና ይጀምራሉ።

«ከዚህ ሁሉ የትኛው ነው የእኔ?» አለች ሰሚራ በስዊድንኛ።

«ከጆንያው ሙሉ ቅጠል በጥፍርሽ ጫፍ የምትይዥውን ያህል ነጭ ዱቄት ይወጣል» አሏት። «እሱም ቢሆን ጅምሩ ነው። ሌሎች ኬሚስቶች ይጨርሱታል፣ ሌሎች ይመዝኑታል፣ ሌሎች ይፈትኑታል። አንቺ ጋ እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ብታውቂ ብቻዬን ነኝ አትይም።»

እኔም ጠየቅኩ። «ዛፉ ግን ለምን መርዝ ይሠራል? ማን ነካው?»

«ዛፍ ሮጦ አያመልጥም፣ ዘሃራ። ጠላቱን በቆመበት ነው የሚጠብቅ። መርዙ ዱላው ነው። እኛ ዱላውን ለምነን ሌላ ጠላት እንመታበታለን።»

በመጀመሪያው ዘመን መድኃኒቱን ከቅርፊት ያወጡ ነበር አሉን። ቅርፊቱ ሲላጥ ግን ዛፉ ይሞታል። እሳቸውና ጓደኞቻቸው የሚለፉት ከቅጠሉ ለማውጣት ነው፤ ቅጠል ቢለቀም ተመልሶ ያቆጠቁጣል። «ለአንድ ሰው መዳን ሌላው መሞት የለበትም፤ ዛፍም ቢሆን» ይሉ ነበር። በመከር ወደ ደሴቶቹ በጀልባ ሲሄዱ ከደን ጥበቃው ፈቃድ ጠይቀው፣ ከአንዱ ዛፍ ትንሽ፣ ከአንዱ ትንሽ እየቆረጡ ነው የሚያመጡ። ስለሌሎቹም ዛፎች ያጫውቱን ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ውኃ እንዳያበሰብሰው ከደሴቱ ጥድ የሚያወጡትን ጥቁር ቅባት፣ ሥጋ የሚያጥኑበትን የድንጋይ ላይ ጥድ። ግማሹን አልያዝኩትም። ያን ቀን ግን ከልጄ መታመም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።

መድኃኒቱ ሲጀመር በየሦስት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ አብረውን መጡ። ቶልክ እያለ ለምን ይመጣሉ ስላቸው «ቶልኩ ሐኪሟን ያስተረጉማል፤ አንቺን ማን ያስተረጉማል?» አሉኝ። ድሮፑ፣ ማለት የጠብታው መድኃኒት፣ ሲወርድ ከሰሚራ ጋር ካርታ ይጫወታሉ፤ ያጭበረብራሉ፤ ልጅቷ በስዊድንኛ ትጮህባቸዋለች። ፀጉሯ ሲረግፍ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሰ በራቸውን አሳይተው፣ «የአንቺ ይመለሳል፤ እኔ ነኝ የተበላሁ» አሏት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። የቀረው ሦስት ነው። መሻል አለመሻሏን የሚናገሩት ደግሞ ስድስቱ ሲያልቅ ነው።

ማክሰኞ ሞቱ። ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሰው ሞልቷል፤ ከወንዶቹ አንዱ «ሃያ ዓመት መርዝ ሲያሸት የኖረ ሰው፣ ምን ይጠበቃል?» ሲል ሰማሁት። እኔን ሲያይ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ነው የገደለኝ።

እንግዲህ አስቡት። ሽታው እሳቸውን ከገደለ፣ በደም ሥር የሚገባው ልጄን ምን ያደርጋታል? የደሴቱን ዛፍ እንደሳቸው የሚያውቀው ማን ነበር? አዋቂው ራሱ ከሞተ ማንን ልመን? ቤቴ ገባሁ። ለአራተኛው ሐሙስ የሚጠራው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሣሁና ከቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከክረምት ልብሱ ሥር ደበቅኩት።

አራት ቀን ደበቅኩት። አልበላሁም። ሰሚራ «ማማ፣ ምን ሆንሽ?» ትላለች፤ ለጋሽ አሰፋ አዝኜ ነው እላለሁ። እሱም እውነት ነበር።

በአምስተኛው ቀን እትዬ አልማዝን ለማገዝ ወደ ሶደርማልም ሄድኩ። ዕቃ ስናጥብ አላስቻለኝም፤ የሰማሁትን ነገርኳቸው። እጃቸውን ከውኃው አወጡ፣ አደረቁት፣ ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ከዳቦ ሣጥኑ ጀርባ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረዱ። ውስጡ የልብ ኪኒን ነው፤ የሞላ፣ ያለቀ፣ የተጀመረ።

«አባቱንም በዚህ ዕድሜ ያስቀረው ልብ ነው» አሉኝ። «ሐኪሞቹ ከነገሩት አሥር ዓመት አልፎታል። ዛፉ ምን አደረገ? ዛፉንማ ሲነካ ጓንት ነበረው፣ መስኮት ነበረው፣ ሁሉ ነገር ነበረው። ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነው። ‹ከነገርሻቸው ችግራቸውን ማምጣት ይተዋሉ› ይለኝ ነበር።»

ቆርቆሮውን ይዤ ቆምኩ። ተቆጣሁ፣ እውነቴን ነው፤ ሟች ላይ ተቆጣሁ። ወዲያው ደግሞ የደበቅኩት ደብዳቤ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ።

ማታ ደብዳቤውን አውጥቼ ሰሚራ ፊት አስቀመጥኩት። አየችው፤ አላነሣችውም።

«ቀኑን አውቀዋለሁ እኮ» አለች በስዊድንኛ። «ከአንቺ ጋር ካልሆነም ብቻዬን እሄድ ነበር። ደብዳቤው የት እንደሆነ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩ።»

ለምን እንደደበቅኩ ነገርኳት። ስለ ሽታው፣ ስለ ሰዎቹ ወሬ፣ ስለ ቆርቆሮው። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም። ያን ማታ ግን ቀስ ብላ፣ ቃል እየፈለገች፣ «ጋሽ አሰፋ ቢሰሙ ይቆጡሽ ነበር፤ ከዚያ ይስቁ ነበር» አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። እሷ ከታመመች ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው፤ እስከዛሬ እኔ መታጠቢያ ቤት፣ እሷ ክፍሏ ነበርን።

ጋሽ አሰፋ፣ ይኸው ዛሬ ሐሙስ ነው። ምን ብዬ እንደምሰናበትዎት አላውቅም። በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ስንብቱ እንዴት እንደሆነ አላውቅ፣ በእኛም ለእርስዎ የትኛውን ማለት እንደሚገባኝ አላውቅ። አላህ ይዘንልዎ እላለሁ፤ ደሴ ላይ ቢሆን ማንም አይቃወመኝም ነበር።

ያኔ ደበቁኝ ብዬ ስለጠረጠርኩዎት አፉ ይበሉኝ። የሞቱት በመድኃኒቱ ነው ያሉትን አራት ቀን ስላመንኩም አፉ ይበሉኝ። እኔም ሕመምዎን ስለደበቁን አፉ ብዬዎታለሁ፤ ግን በግማሽ ልቤ ነው፣ አልዋሽዎትም። አንድ ቀን እንኳ «ዘሃራ፣ ዛሬ እኔን አሞኛል» ቢሉኝ ምን ነበር? ውኃ አቀብልዎት ነበር። ወንበር እስብልዎት ነበር። እኔ የማመጣው ችግር ብቻ ነበር እንዴ?

ልጄ ትዳን አትዳን አላውቅም። እርስዎም ሲጠየቁ «አላውቅም» ይሉ ነበር፤ ሌላው ሁሉ «ኢንሻ አላህ ትድናለች፣ አይዞሽ» ሲለኝ፣ እርስዎ ብቻ «አላውቅም፤ ግን አብሬሽ እቀመጣለሁ» ይሉኝ ነበር። ዛሬ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ካርታ መጫወት አልችልም፤ ታስተምረኛለች።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ሰሚራ ኮቷን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ቆማ፣ «ማማ፣ ባቡሩ ያመልጠናል» እያለችኝ ነው።